ሦስተኛው ፈትል

እንዳላማው ገዳሙን መምታት የጀመረው በዱላ ነበር። ዱላው ሲሰበር በቁራጩ ቀጠለ፤ ቁራጩ ከእጁ ሲወድቅ ከጉድጓዱ የወጣ ድንጋይ አነሳ። ገዳሙ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ "ኧረ ተበጥሶ ነው! በማርያም ተበጥሶ ነው!" እያለ ይጮኻል። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ የግራ ዓይኑ ፈሰሰ። መንደሩ ቆሞ ያያል። እንዲያ ደም የለበሰ ዓይን ፊት ማን ደፍሮ ይገባል? በመጨረሻ የገቡት መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቅኔ መምህር። መቋሚያቸውን በሁለቱ መሀል ሰክተው "በሥላሴ ይዤሃለሁ!" ሲሉ እንዳላማው ድንጋዩን ጣለው። ከዚያ ተንበርክኮ፣ በጋቢ ተሸፍኖ አጠገባቸው የተጋደመውን ታናሽ ወንድሙን የሺዋስን እየነቀነቀ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደምበጫ ወዲያ ያለችው መንደር የውሃ ጉድጓድ ታስቆፍር ነበር። እንዳላማውና ገዳሙ በእርሻ ድንበር ሦስት ዓመት ተካሰው፣ ሁለት ጊዜ ተፈናክተው በሽማግሌ ስለታረቁ፣ አብረው እንዲሠሩ ተብሎ ጉድጓዱ ለእነሱ ተሰጠ። ሽማግሌዎቻችን እርቅን እንዲህ በቀላሉ ያምናሉ። ቀጭን ስለሆነና ቁፋሮም ከአባቱ ስለተማረ ሁልጊዜ የሚወርደው ገዳሙ ነው። መውረጃው ከደምበጫ ገበያ የተገዛ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ነበር፤ ጫፉ ላይ መቀመጫ ታስሮለት፣ ሌባ እንዳይወስደው ማታ ማታ ከነቋጠሮው እንዳላማው ቤት ያድራል።

የዚያን ቀን የገዳሙ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነበርና ክርስትና ተነሳች፤ እሱና ሚስቱም አብረው ቆረቡ። የቆረበ ሰው ደሙ እንዳይፈስ ይጠነቀቃል፣ ድንጋይ ሊፈልጥ ጉድጓድ አይገባም። ገዳሙ እኩለ ቀን ላይ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ይህንኑ ለመንገር ወደ ጉድጓዱ ጎራ ሲል፣ የሺዋስ ገመዱን ከወንድሙ ቤት አምጥቶ ቀድሞት ተቀምጦበታል። "ዛሬ አንተ ሙሽራ ነህ፣ እኔ እወርድልሃለሁ" ብሎ ሳቀበት። ገዳሙም እጁን በነጠላው ጠቅልሎ ከሁለት ጎረቤቶች ፊት፣ ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ ገመዱን ያዘ። የየሺዋስ እግር ከአፉ እንደተለየ "ጋሼ! ጋሼ!" የሚል ጩኸት ሁለት ጊዜ ተሰማ፤ ቀጥሎ ከሃያ አምስት ክንድ በታች የመውደቅ ድምፅ። የሺዋስ ጋሼ ብሎ የሚጠራው ታላቁን እንዳላማውን ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገበያ ነበር። ሲመለስ የጠበቀው ሬሳ ነው።

ገመዱ ከመቀመጫው ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከገዳሙ እጅ በማይርቅ ቦታ ነበር የተለያየው። "በቢላ ቆረጠው" አለ እንዳላማው። ከገዳሙ ኋላ የነበሩት ሁለቱ አላየንም አሉ፤ አላዩም ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ቄሶቹም እስከ አርባው ተዝካር ድረስ ደም እንዳይፈስ ገዘቱ። ገዳሙ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከመሪጌታ ተማሪዎች ጎጆ በአንዱ ተጠለለ። እንዳላማው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከበሩ ፊት ተቀመጠ።

የገዳሙ እህት አመተ ሥላሴ ይህን የሰማችው በሦስተኛው ቀን፣ ስልክ ሲሠራ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ቤተ ሙከራ ረዳት ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናውም ፕላስቲክ ሲሳብ ውስጡ ምን እንደሚሆን ነው። ቤተሰቡ ይስቅባታል። ገዳሙ ራሱ "እህቴ ተምራ ተምራ ላስቲክ ስትጎትት ትውላለች" እያለ ስንቱን አስቆባታል። እዚያ ጎጆ ውስጥ፣ ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ ስታየው ግን እንደዚያ ያላገጠበትን አፍ ከፍቶ "አመቴ፣ አልቆረጥኩም" ብቻ አላት። አመነችው። ወንድሟ ነዋ።

ከግቢው ወጥታ እንዳላማው ፊት ቆመች።

"ጋሼ እንዳላማው፣ ገመዱን ያሳዩኝ።"

"ምን ልታደርጊው?" አለና ካጠገቡ አንስቶ እግሯ ሥር ወረወረላት። "አርባው ይለፍ እንጂ እኔ እገለዋለሁ። ልብሱን አዘጋጂለት።" አልጮኸም። ድምፁ ዝቅ ማለቱ ከዱላው ይልቅ አስፈራት።

ገመዱን አንስታ ጫፎቹን አየች። ሁለቱም ጫፎች በእሳት ቀልጠው፣ ጠቁረው፣ ተድበልብለዋል።

"ማነው ያቃጠለው?"

"እኔ ነኝ። የላስቲክ ገመድ እንዳይተረተር ጫፉ ይቃጠላል። ከተማ ገባሁ ብለሽ ይኸንም ረሳሽው?"

ከበው የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በአገሩ እንዲህ ያለ ገመድ ሲቆረጥም ሲበጠስም በፍም የማይተኩሰው ቤት የለም፤ ማንም ክፉ አላሰበበትም። እሷ ግን ጫፉን በጣቷ እያሻሸች፣ ማስረጃው በልማድ ተበላ ብላ በንዴት አለቀሰች። እንባዋን ስትጠርግ ነው ነገሩ የመጣላት። ፕላስቲክ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። እሳት የበላው አንድ ጣት ያህሉን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው አልተነካም።

ለሽማግሌዎቹ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳች። የፕላስቲክ ውስጥ እንደ ባዘቶ ጥጥ የተዘበራረቀ ነው፤ ሲሳብ ግን እንዝርት ላይ እንዳለ ጥጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋል፤ ከተሰለፈ በኋላም በቀላሉ አይመለስም። ዓይን የማያየውን ይህን ሰልፍ የሚያይ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን አለ። ተስቦ የተበጠሰና በቢላ የተቆረጠ ገመድ በዚያ ብርሃን ፊት አንድ አይመስሉም።

"እህቱ ናት፣ ትዋሻለች" አለ እንዳላማው።

"እንግዲያው ይፈትኑኝ። ከዚሁ ገመድ ስድስት ቁራጭ ያዘጋጁ። ሁለቱን ልል እንዳለ ይቁረጡት፣ ሁለቱን ድንጋይ አንጠልጥለው ይቁረጡት፣ ሁለቱን እስኪበጠስ ድረስ በበሬ ያስጎትቱት። ሁሉንም ጫፍ ያቃጥሉት። የትኛው የቱ እንደሆነ ለየኔታ ብቻ ይንገሯቸው። አንዱን ከተሳሳትኩ አትመኑኝ።"

መሪጌታ አካለ ወልድ መስቀል አስመጥተው አስማሏት፦ ያየችውን ብቻ ልትናገር፤ በቢላ ተቆርጧል ከተባለም ገዳሙ ከግቢው እንዲወጣ። እጇን መስቀሉ ላይ አድርጋ ማለች። እንዳላማው ጥቂት አሰበና ትከሻውን ነቅንቆ "እሽ" አለ። እምቢ ቢል ሽማግሌው ሁሉ ያየዋል። ደግሞም እሳት የበላውን ማን ያነባል ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ተዘግቶ የከረመው መንገድ ስለተከፈተ ሦስቱ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተገናኙ። እንዳላማው ጠመንጃውን ዘመድ ቤት ትቶ መጥቷል፤ በር ላይም ፈትሸውታል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ የስድስቱ ቁራጮች ምስጢር የተጻፈበትን ደብተር ብብታቸው ውስጥ አድርገው ተቀመጡ። መሣሪያው የልብስ ሣጥን የሚያህል ግራጫ ነገር ነው። እንዳላማው ዞሮ ዞሮ አየውና "ይኸ ነው ፈራጁ?" አለ።

አመተ ሥላሴ ከተቃጠለው ጫፍ ሁለት ጣት ርቃ በምላጭ አንዲት ቀጭን ክር ፈለቀቀች። ክሯን ብርሃኑ መንገድ ላይ ዘረጋች፤ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ አለ፣ መጀመሪያ ወደ ክሩ ቁመት፣ ቀጥሎ ወደ ጎኑ አዞረችው። በየጊዜው አንዳንድ መስመር ኮምፒውተሩ ላይ ተሳለ።

"ያዩአቸዋል የኔታ? ልል እንዳለ የተቆረጠ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች ይጠጋጋሉ፤ ፋብሪካው ራሱ ክሩን ትንሽ ስለሚስበው ጨርሰው አይገጥሙም። ክብደት ተንጠልጥሎበት የተቆረጠ ከሆነ ቢላው እስኪጨርስ የቀረው ስለሚሳብ ከፈት ይላሉ። ተስቦ የተበጠሰ ከሆነ ደግሞ ይሄው፣ ይኼን ያህል ይራራቃሉ።"

ሽማግሌው ከተማሪዎቻቸው ቅኔ የሚሰሙ ይመስል ጆሯቸውን አዘንብለው አዩ። በሦስተኛው ቁራጭ ላይ እሷ ሳትናገር "ይኸ የተበጠሰው ነው" አሉ። ትክክል ነበሩ። ስድስቱም አለቁ፤ ደብተሩ ተከፈተ፤ አንድም አልሳተችም። መሪጌታ በደስታ መሬቱን በመቋሚያቸው መቱ። እንዳላማው ግንባሩን በኩታው ጠረገና ውሃ ጠየቀ። ጠርሙሱን ጨርሶ ሌላ ጠየቀ።

"አሁን ዋናውን" አሉ መሪጌታ።

ገመዱ ከሦስት ወፍራም ፈትሎች የተገመደ ነው። እሷ ችኩል ሠራተኛ አይደለችም፤ ፈትሎቹን ለያይታ ከየአንዳንዱ አምስት አምስት ክር አወጣች። ከመጀመሪያው ፈትል የመጀመሪያዋን ክር ዘረጋች። ሁለቱ መስመሮች ተጠጋግተው ወጡ። ሁለተኛዋን ክር፣ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን፣ አምስተኛዋን አየች፤ አንድ ናቸው። ሁለተኛውን ፈትል አየች፤ ያው ነው። በስለት ተቆርጧል።

ገዳሙ ዋሽቷታል። በዚያ በአንድ ዓይኑ እያያት ዋሽቷታል። ልትደበድበውም ልትደብቀውም በአንድ ጊዜ አማራት። ተበጥሷል ልበል ብላም አሰበች፤ አትዋሽም ብዬ አልምልላትም። ግን ሽማግሌው አጠገቧ ቆመው መስመሮቹን ያያሉ። ማንበቡን ያስተማረቻቸው ራሷ ናት።

"ልጄ፣ ሦስተኛው ቀረ" አሏት ቀስ ብለው።

ከሦስተኛው ፈትል አወጣች። መስመሮቹ ተራራቁ፤ ከስድስቱ ቁራጮች ማንኛቸውም እንደዚያ አልተራራቁም። ደግማ አየች። አምስቱም ክሮች አንድ ቃል ሆኑ።

"ምን ይላል?" አለ እንዳላማው። ድምፁ ተሰነጣጠቀ።

"ሁለቱ ፈትሎች ተቆርጠዋል" አለች። "ሦስተኛው ብቻ ነው ተስቦ የተበጠሰው።"

"ይኸው! ቆርጦታል! ሰምተዋል የኔታ፣ ቆርጦታል!"

መሪጌታ ግን ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ ነበሩ። "ዝም በል አንተ። ልጄ፣ ሰው ተንጠልጥሎበት የተቆረጠ መስመሩ ከፈት ይላል አላልሽም? እነዚህ ሁለቱ እኮ ተጠጋግተዋል።"

አመተ ሥላሴ ደግማ አየች። በድንጋጤዋ ይህን ሳታስተውል ቀርታለች።

"አዎ" አለች፤ ቃሉ እንደ ሹክሹክታ ወጣ። "ልል እንዳለ ነው የተቆረጠው። ሰው አልነበረበትም። የሺዋስ ሳይቀመጥበት በፊት ነው።"

"ከዋዜማው ማታ ገዳሙ በዚሁ ገመድ ከጉድጓድ ወጥቷል፤ ገመዱ ያኔ ጤነኛ ነበር። ከዶሮ ጩኸት እስከ እኩለ ቀን አጠገቤ ቆሞ አስቀድሷል። ከዚያ ሲመጣ የሺዋስ ገመዱ ላይ ተቀምጧል።" መሪጌታ ጣታቸውን እያጠፉ ሲቆጥሩ ድንገት አቆሙ። ቀና ብለው እንዳላማውን አዩት። "ገመዱ የት ነበር ያደረው?"

እንዳላማው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ምላጭ አፈፍ አድርጎ፣ አመተ ሥላሴን በሹሩባዋ ይዞ ወደ ኋላ ጠመዘዛትና ምላጩን ጉሮሮዋ ላይ አደረገ። ወንበሩ ተገለበጠ። ጠርሙሱ ወደቀ።

"ተበጠሰ በይ! ሦስቱም ተስቦ ነው የተበጠሰው በይ! ወንድምሽ ይኑርልሽ፣ ሂደሽ አውጪው፣ እኔ አልነካውም፤ ተበጠሰ ብቻ በይ!"

ይህን ነበር እኮ ስትመኝ የከረመችው። ከሰማችበት ቀን ጀምሮ የጸለየችበት ቃል ነው። አንድ ቃል ትናገርና ገዳሙ ነጻ ይወጣል፣ እሷም በሕይወት ትወጣለች። ምላጩ ቆዳዋን ከፈተው፤ ትኩስ ነገር ወደ ደረቷ ወረደ። ግን ዓይኗ ውስጥ የመጣው ያ ሰማያዊ መቀመጫ ነበር፤ በየቀኑ ማን እንደሚቀመጥበት መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

"ለገዳሙ ነበር ያዘጋጀኸው" አለችው። አንቱታው ከአፏ ጠፍቶ ነበር። "ገዳሙ ነበር የሚወርደው። ገበያ የሄድከውም ለዚህ ነው።"

"ተበጠሰ በይ አልኩሽ!"

"አልልም። ቆርጠኸዋል!"

መሪጌታ ቄስ ቢሆኑ ኖሮ እጃቸውን አያነሱም ነበር፤ ደግነቱ ቄስ አይደሉም። መቋሚያውን በሁለት እጃቸው አንስተው ምላጭ የያዘውን አንጓ መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። እንዳላማው እንደ ቆሰለ ከርከሮ ዞረባቸው፣ በጤነኛ እጁ ጢማቸውን ይዞ ከግድግዳው አላተማቸው፤ ጥምጥማቸው ወልቆ ወደቀ፣ ደም ከአፍንጫቸው ፈሰሰ። ደግሞ ሊያላትማቸው ሲስባቸው አመተ ሥላሴ ክሮቹን የምትይዝበትን የብረት ማቆሚያ አነሳችና ባለ በሌለ ኃይሏ ጀርባው ላይ አሳረፈችው። አልበቃትም። ደገመችው። ወንድሟን፣ የፈሰሰውን ዓይን፣ ሠላሳ ስምንቱን ቀን እያሰበች ሠለሰችው፤ ጥበቃዎቹ በሩን ሰብረው ገብተው ብረቱን ከእጇ ባይነጥቋት ኖሮ ልትገድለው ነበር። ይህን ኋላ ላይ ራሷ ተናግራለች፣ ሳታፍርም አልቀረችም።

ሁለት ጥበቃዎች ተጭነውት፣ ጉንጩ ሲሚንቶው ላይ፣ እንዳላማው መታገሉን ተወ።

"በሁለተኛው ፈትል አቆምኩ" አለ ለማንም ሳይሆን። "ሦስቱንም ብቆርጠው ሳይቀመጥበት ይታወቃል ብዬ። ቆርቦ እንደሚውል ማን ነገረኝ? የሺዋስን ማን ሂድ አለው?"

መሪጌታ ወንበር ተደግፈው አፍንጫቸውን በኩታቸው ጫፍ ይዘዋል፤ ሊረግሙት አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ከሁለት ቀን በኋላ አርባው ነው። የየሺዋስን ደም የመመለስ ዕዳ በአገሩ ልማድ የታላቅ ወንድሙ ነው፤ እሱም ይህን አውቆ ሠላሳ ስምንት ቀን ጠመንጃ ሲወለውል ከርሟል።

"ደሙን ከማን ልመልስ?" አለ እንዳላማው። "የኔታ፣ ይንገሩኝ እንጂ፣ ከማን ልመልስ?"

መሪጌታ ማልቀስ ጀመሩ።

አመተ ሥላሴ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ተጭና ተቀምጣለች። ልታዝንለት አልፈለገችም። ለገዳሙ ልትደውል ስልኳን ስትፈልግ ነው እንዳላማው ከመሬት የጠራት።

"አንች ልጅ። ያ ሦስተኛው። ወዲያው ነው የተበጠሰው?"

ስክሪኑን አየች። መስመሮቹ እንደተራራቁ ናቸው። ወዲያው ነው ብትለው ይቀልለው ነበር፤ ያየችውን ብቻ ልትናገር ግን ምላለች፤ ደግሞም ሊቀልለው አልፈቀደችም።

"ወዲያው አይደለም። በእጥፍ እስኪረዝም ተስቧል። እስከቻለ ይዞታል።"

እንዳላማው ዓይኑን ጨፈነ። ጥበቃው እጁን ወደ ኋላ ሲያጥፈው የተሰበረው አንጓ ተንቋቋ፤ እሱ ግን አልጮኸም።

"ጋሼ ብሎ ሁለቴ ጠራኝ ይላሉ" አለ። "ሁለቴ ለመጥራት ያህል ይዞታል?"

"ይዞታል" አለችው።